በሕዳር የጠራ ውሃ

አመለወርቅ የቦዩ ውሃ መጥራቱን ልብ ያለችው ነጠላውን አለቅልቃ ካሰጣችው በኋላ ነው። ማየቱንስ ቀድማ አይታው ነበር፤ ግን ባየችው ደስ አላት እንጂ አልደነገጠችም። በኋላ ዕድሜዋን ሙሉ የቆጫት ይኸው ነው፤ በሁሉም ነገር የምትደነግጥ ሴት፣ መደንገጥ በሚገባት ነገር መደሰቷ።

በቡና ወራት ከጓሮዋ ግርጌ የሚያልፈው ቦይ ቀይ ነው። ከላይ ከኮረብታው ወገብ ላይ አዲሱ የቡና ማጠቢያ ከተተከለ ወዲህ፣ የተፈለፈለው ልጣጭ ከነልጋጉ በዚያ ነው የሚወርደው። ውሃው ይወፍራል፣ ይሸታል፤ ዶሮ እንኳ አትጠጣውም። የሰፈሩ ሴት ነጭ ልብስ ማጠብ ሲያምራት ከጉድጓድ ትቀዳለች፣ አለዚያም ቡናው እስኪያልቅ ትጠብቃለች። ያን ዕለት፣ የስድሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ሕዳር ሚካኤል፣ አመለወርቅ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ የጓሮዋን ጥራጊ ልታቃጥል ስትወጣ ግን ውሃው እንደ ጠበል ጠርቶ አገኘችው። ጠጠሮቹ አንድ በአንድ ይታያሉ። ጎንበስ ብላ በእጇ ዘገነችው፣ አሸተተችው፣ ከዚያም ቤት ገብታ የልጇን የጸሐይን ነጠላ ይዛ ወጣች።

ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቷ ቆንጅት የደረቀ የእንሰት ቅጠል ከምራ እሳት ትለኩስ ነበር። ሕዳር ሲታጠን ነውና ዲላ በሙሉ ጢስ ለብሳለች። በዚያ ቀን ሁሉም ግቢውን ይጠርጋል፣ ጥራጊውን ያቃጥላል፤ ያ ክፉ የሕዳር በሽታ ተመልሶ እንዳይመጣ ከትልልቆቹ የተወረሰ ልማድ ነው።

«በሚካኤል ልብስ ታጥቢያለሽ እንዴ አንቺ?» አለች ቆንጅት ዓይኗን ከጢሱ እየከለለች።

«ማለቅለቅ ነው። ሳሙና አልነካሁም።»

«እሱም ሳሙናውን ነው የሚያየው?»

«ዛሬ የጽዳት ቀን አይደል? ግቢ ማጽዳት ከተፈቀደ ነጠላ ማጽዳት ምን አለበት?»

ቆንጅት ከት ብላ ሳቀች። «አይ አመለ! ጠበቃ መሆን ነበረብሽ እኮ። መልአኩን ራሱን ትረቺው ነበር።»

አመለወርቅም ሳቀች። ነጠላውን ጨምቃ ገመዱ ላይ ዘረጋችው፤ ነጭነቱን እያየች ትንሽ ቆመች። ከዚያ ሳፋውን ልትደፋ ወደ ቦዩ ስትመለስ ውሃው አልነበረም። በድንጋዮቹ መካከል እንደ ክር የቀጠነ ነገር ይንቆረቆራል፤ ደረቅ ቅጠል አልፎት መሄድ አቅቶት አንድ ቦታ ቆሟል።

ሳፋው ከእጇ ወደቀ።

በሕዳር ውሃ አይጠራም። ከጠራ የላይኞቹ፣ የቡና ማጠቢያው ሰዎች፣ ገድበው ይዘውታል ማለት ነው። ከያዙት ደግሞ ይለቁታል፤ የሚለቁትም በአንድ ጊዜ ነው። ልጇ ጸሐይ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ከውሃ መንኮራኩሩ ስር ነች።

ጸሐይ የምትሠራበት ቦታ ሰነዱ ላይ ምን ተብሎ እንደሚጠራ እንጃ፣ ሰዉ ግን ክር ቤት ይለዋል። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ቦዩ ወደ ለገዳራ ወንዝ ሊገባ ሲል ግራዝማች ወልደዮሐንስ ያቆሙት ቤት ነው። ከአባያ ዳር የሚመጣው ጥጥ እዚያ ይፈለቀቃል፣ ባዘቶ ይሆናል፣ ይፈተላል፤ ሸማኔዎቹ ድርና ማጉን ከዚያ ይወስዳሉ። የከተማው መብራት ማታ ማታ ብቻ ብልጭ የሚል ስለሆነ፣ ማሽኖቹን ሁሉ የሚያዞረው አንድ ከዝግባ የተሠራ ትልቅ የውሃ መንኮራኩር ነው። መንኮራኩሩ የዲላ አናጢ ሥራ ነው፤ ማሽኖቹ ግን የእንግሊዝ አገር ናቸው። እዚያም በአንድ የወንዝ ሸለቆ ውስጥ እንዲሁ በውሃ ሲዞሩ ኖረው፣ ዘመን ሲያልፍባቸው ፋብሪካው ተዘጋ፤ እነሱም ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጡ ቆይተው እዚህ ደረሱ። ክር ቤቱ የተመረቀ ዕለት አንዱ ማሽን ጎን ላይ ያለውን የብረት ሰሌዳ አንብባ ለግራዝማች የተረጎመችላቸው አመለወርቅ ነበረች። እጅ ተጨበጨበላት። እሷ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም።

አመለወርቅ ይርጋዓለም ከተማ እስከ ዐሥረኛ ክፍል ተምራለች። የታሪክ መምህሯ ስለነዚያ ሸለቆዎች ነግሯቸው ነበር፤ ውሃው መንኮራኩር እንደሚያዞር፣ አንዱ መንኮራኩር መቶ ሴት የምትፈትለውን እንደሚፈትል፣ ከዚያ ተነስቶ ዓለም እንዴት እንደተለወጠ። ሌሎቹ ተማሪዎች ዓመተ ምሕረቱንና የፈልሳፊዎቹን ስም ያዙ። አመለወርቅ የያዘችው ከሚሽከረከረው ማሽን ስር እየዳሁ ብናኝ የሚጠርጉትን ልጆች ነው። መምህሩ እግረ መንገዱን የተናገረውን እሷ ሃያ ዓመት ተሸክማዋለች። ልጇ ስምንተኛን ጨርሳ «አስተማሪ ሳይሆን ፈታይ ነው የምሆነው» ያለቻት ቀን፣ እነዚያ የማታውቃቸው የፈረንጅ ልጆች ተሰልፈው ከደጇ የመጡ መስሎ ተሰማት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለሰፈሩ መሳቂያ ሆኗል። አንድ ቀን በክር ቤቱ መስኮት ነጭ ነገር ሲወጣ አይታ «እሳት!» እያለች ገባች። አለቃው ደበበ ደንግጦ ማሽኑን በአንድ ጊዜ አቆመው፤ እንዝርቱ ላይ ያለው ክር ሁሉ ተበጣጠሰ። እሳት አልነበረም፤ ሴቶቹ የጥጥ ብናኝ እያራገፉ ነበር። ሌላ ቀን መብረቅ ሲያጉረመርም ከብረት ራቂ ልትላት ሮጣ ሄደች። ያኔ ደበበ በሩ ላይ ቆሞ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ በትሕትና እንዲህ አላት፦

«እትዬ አመለወርቅ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። ግን እርስዎ በመጡ ቁጥር ክሩ ብቻ ሳይሆን የኛም ልብ ነው የሚበጠሰው። ከእንግዲህ ከመጡ ልጅዎን ይዘው ነው የሚመለሱት።»

የጸሐይ ግን ከዚያ የከፋ ነበር። ቤት ገብታ ሻንጣዋን ከአልጋ ስር ጎትታ አሳየቻት። «እማዬ፣ አንድ ቀን ደግሞ በዚያ በር ብትመጪ አዲስ አበባ አክስቴ ጋ ነው የምሄደው። በአባቴ እምላለሁ!» አባቷ ዘነበ የቡና መኪና ሾፌር ነው፤ ወሩን ግማሹን መንገድ ላይ ነው። ጸሐይ ከሄደች ቤቱ ውስጥ የሚቀረው አመለወርቅና ፍርሃቷ ብቻ ነው።

ዛሬ ጠዋት ከቅዳሴ ሲወጡ ደበበ ሴቶቹን ሰብስቦ ነበር። በሚካኤል መንኮራኩሩ ስለማይዞር የተተከለበትን ጉድጓድ ለማጽዳት ጥሩ ቀን ነው አለ። የቡናው ልጋግ ከጥጡ ብናኝ ጋር ይደባለቅና መንኮራኩሩ ላይ እንደ ምርጊት ይለጠፋል፤ ካልተፋቀ መዞር ያቅተዋል። «በዓል ነው እኮ!» ሲሉት «ማጽዳት ሥራ አይደለም፤ ዛሬ አገሩ ሁሉ እያጸዳ አይደል?» አላቸው። ከሴቶቹ ሁሉ ቀጭኗ ጸሐይ ናት። በመንኮራኩሩና በግንቡ መካከል ባለው ክፍተት ገብታ መፋቅ የምትችለውም እሷ ብቻ ናት። አመለወርቅ ከንፈሯን ነክሳ ዝም አለች። ዝም ማለት ተምራ ነበር።

አሁን ደረቁ ቦይ ዳር ቆማ ወደ ታች ተመለከተች፤ ከዚያም ወደ ላይ። ወደ ታች ከሄደች በሩ አለ፣ ደበበ አለ፣ ሻንጣው አለ። ውሃ እየመጣ ነው ብትል ማን ያምናታል? የክር ቤቱም ቦይ የራሱ መዝጊያ ሳንቃ አለው፤ ተዘግቷል ይሏታል። ክረምት ውሃው ሲሞላ በዚያ ሳንቃ አናት ላይ ሲዘል በዓይኗ አይታለች፤ ይኸንንም ደጋግማ ተናግራለች፤ ደጋግማ ስለተናገረችው ግን ማንም አይሰማውም። ወደ ላይ ከሄደች ግን ጸሐይ ሳታውቅ፣ ማንም ሳይስቅ፣ አደጋውን ከምንጩ ማቆም ትችላለች። ቀስ እያላችሁ ልቀቁ ብላ ለምና ትመለሳለች። ልጇም ማታ ቤት ስትገባ ምንም እንዳልተፈጠረ ራት ታቀርብላታለች።

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ወደ ላይ ሮጠች።

«አመለ! የት ነው?» ቆንጅት ከጢሱ ውስጥ ጮኸች።

አመለወርቅ የአጥሩን ጥግ አልፋለች።

መንገዱ በቡናና በእንሰት መካከል የሚወጣ ቀጭን ዳገት ነው። ትናንት የዘነበው ገና አልደረቀም፤ አንድ ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ሌላውን አውልቃ ጣለችው። ሚካኤል ሆይ ሳሙና አልነካሁም፣ ሚካኤል ሆይ ማለቅለቅ ብቻ ነው፣ እያለች ወጣች። ማጠቢያው ጋ ስትደርስ ሳንባዋ ውስጥ አየር አልነበረም።

ግድቡ ላይ ሙሉካ ቆሟል። ሙሉካ የማጠቢያው ውሃ ጠባቂ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ጠጉሩ ሸበቶ የጣለበት የጌዴኦ ሰው። ቋንቋው ጌዴኦኛ ስለሆነ በአማርኛ ወንድና ሴቱን ይለዋውጣል፤ በደግነቱ ግን ሰፈርተኛው ሁሉ ያውቀዋል። ከኋላው ውሃው ተከማችቶ የሰው ደረት ደርሷል፤ ላዩ ላይ የሰሞኑ የቡና ልጣጭ ሁሉ እንደ ቀይ ምንጣፍ ተንሳፍፏል። ይህን ሁሉ የያዘው አንዱ በሌላው ላይ የተደረደረ ጥቂት ሳንቃ ነው።

አመለወርቅን ገና ከሩቅ ሲያያት እጁን አነሳ። ውሃ በተያዘ ቁጥር ከከተማው የሚመጣ ሴት አያጣም፤ ቦዩ ደረቀ፣ ልጋጉ ከደጃችን ቆሞ ሸተተን ብላ የማትጮህበት የለችም።

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ እማማ! ውሃ ጠፋ! አይዞህ፣ አሁን ነው።»

አመለወርቅ አፏን ከፈተች። ትንፋሽ እንጂ ቃል አልወጣም። እጇን ወደ ታች ወደ ደረቁ ቦይ ዘረጋች፤ ከዚያም ሁለቱን እጆቿን አራገበች። ሙሉካ ይኸንን ፍጠን፣ ፍጠን ያለችው መሰለው።

«እሺ፣ እሺ! ባዶ እግር ድረስ መጣህ? ለአንተማ ነው የምከፍት!» እየሳቀ ጎንበስ አለ፤ የላይኛውን ሳንቃ በሁለት እጁ ይዞ ነቀለው።

ድምፁ በመጀመሪያ ትንሽ ነበር። ቀጥሎ ምድሩ ከስሯ ተንቀጠቀጠ። ውሃው ልጣጩን ተሸክሞ በሳንቃው ቦታ ተገለበጠ።

«ዝጋው!» አለች አመለወርቅ። ድምፅዋ የተመለሰው ያኔ ነው። ዘላ ክንዱን ያዘችው። «ሰው አለ! ከመንኮራኩሩ ስር ሰው አለ! ልጄ!»

የሙሉካ ፊት ተለወጠ። «ዛሬ? ዛሬ ሚካኤል አይደለም? እናንተ በሚካኤል መች ይሠራል! ሌላ ቀን ውሃ ስንይዝ ሰው እንልካለን፤ ዛሬ ዝግ ነው ብለን ነው ያልላክን!» እየተናገረ ሳንቃውን ወደ ቦታው ሊመልስ ይታገል ነበር። ውሃው መልሶ ገፋው። በጌዴኦኛ ተጣራ፤ ሁለት ሰዎች ከቡና ማድረቂያው አልጋ ዘለው መጡ፤ ሦስቱም በደረታቸው ተጫኑት። ሳንቃው ግማሽ ድረስ ገባና ቆመ። ያመለጠው ግን አምልጧል።

«እማማ!» አለ ሙሉካ አንገቱን አዙሮ፣ ውሃው ፊቱ ላይ እየተረጨ። «ቦዩ ይዞራል፤ ኮረብታውን ይዞራል! የእግር መንገዱ ቀጥ ነው! ሩጥ!»

ሮጠች።

ወደ ላይ ያስጨነቃት ዳገት ወደ ታች ገደል ሆነባት። ወደቀች፣ ተነሳች፣ የእንሰት ግንድ ይዛ ዞረች። ቦዩ ከግራዋ በኩል አንዴ ይርቃል፣ አንዴ ይቀርባል። ሲቀርብ ትሰማዋለች፤ ከኋላዋ ነው። ሲርቅ ደግሞ አትሰማውም፤ ያን ጊዜ የቀደማት ይመስላታል። በልቧ አንድ ነገር ብቻ ይመላለስ ነበር፦ እኔ ነኝ ያመጣሁት። ዕድሜዬን ሙሉ ይመጣል፣ ይመጣል ስል ኖሬ፣ ዛሬ ሄጄ ራሴ ይዤው መጣሁ።

የክር ቤቱ በር ላይ ደበበ በርጩማ አውጥቶ፣ የቤተ ክርስቲያን ጋቢውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ተቀምጧል። ሲያያት ቀስ ብሎ ተነሳና የበሩን ግራ ቀኝ ያዘ።

«እትዬ አመለወርቅ። በዓል ነው፣ ባይሆን ዛሬን እንኳ—»

«ውሃ እየመጣ ነው! አውጡልኝ! ልጄን አውጡልኝ!»

«የቱ ውሃ? ቦዩ እንደሆነ ደርቋል። ደግሞ ሳንቃው ተዘግቷል፤ እኔ ራሴ ነኝ የዘጋሁት።»

«ከላይ ለቀውታል! በሳንቃው ላይ ይዘላል!»

«ከላይ ቢለቁማ መልእክተኛ ይልኩብን ነበር፤ መቼም ሳይልኩ ለቀው አያውቁም።» ባርኔጣውን አወለቀ፤ ትሕትናው ሊመጣ ነው። «ጭቃ በጭቃ ሆነዋል እኮ። ይቀመጡ፣ ውሃ—»

ግቢው ውስጥ የነበሩት ሴቶች መፋቂያቸውን ይዘው ቀና ቀና አሉ። አንዷ በእጇ አፏን ሸፈነች። ሌላዋ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብላ «ጸሐይ! እትዬ መጥተውልሻል!» አለች።

ከጉድጓዱ ውስጥ ከመንኮራኩሩ ጀርባ የጸሐይ ድምፅ መጣ፤ የታፈነ፣ የሚያስተጋባ። «የለችም በሏት!»

ሴቶቹ ሳቁ።

«ጸሐይ! ውጪ! ውሃ!» አመለወርቅ በደበበ ትከሻ ላይ አሻግራ ጮኸች።

«ዛሬ ደግሞ ውሃ ነው? ባለፈው እሳት ነበር!» አለ ያ ድምፅ። መፋቂያው እንጨቱ ላይ ሲሄድ ይሰማል። ሥራዋን ቀጥላለች።

አመለወርቅ ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባት። ፍርሃቷን ተማምኖ የሚነሳ ሰው እዚህ ግቢ ውስጥ የለም፤ የሰዉን እምነት ሁሉ ጨርሳዋለች። ልጇን ከዚያ ጉድጓድ ሊያወጣት የሚችለው ሌላ ነገር ነው፤ ንዴቷ። ጸሐይ ከልቧ ስትናደድ ፊት ለፊት መጥታ፣ ዓይን ለዓይን ካላየች አይወጣላትም። ከአባቷ የወረሰችው ነው።

አመለወርቅ ሌሊት ሌሊት ተነስታ የልጇን እስትንፋስ የምታዳምጥ እናት ናት። በዚያ የተነሳ አንድ ምስጢር ታውቃለች፤ ጸሐይም ማወቋን ደርሳበት፣ ለማንም እንዳትናገር በእግዚአብሔር ስም አስምላታለች።

ማሽኖቹን ዘይት የሚቀባው ጎልማሳ ደመላሽ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ የክር ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሟል። አመለወርቅ ወደሱ ዞረች።

«አንተ ደመላሽ!» አለች፤ ድምፅዋ ግቢውን ሞላው። «ልጄ በእንቅልፏ ያንተን ስም ስትጠራ ነው የምታድረው! ትሰማለህ? ደመላሽ፣ ደመላሽ ስትል ነው የሚነጋው!»

 ከዚያ ሴቶቹ እየጮሁ ሳቁ፤ አንዷ መሬት ላይ ተቀመጠች። ደበበ እንኳ ሳይወድ በግዱ ፊቱን አዞረ።

የመፋቂያው ድምፅ ቆመ።

መሰላሉ ሲንቀጠቀጥ ታየ። በመጀመሪያ በጭቃ የተለወሰ እጅ፣ ከዚያ ሻሽ፣ ከዚያ ፊቷ። ጸሐይ ቀይ ጭቃና ነጭ ብናኝ ተለጥፎባት፣ ዓይኖቿ ብቻ እያበሩ ወጣች። ማንንም ሳታይ ግቢውን አቋርጣ እናቷ ፊት መጥታ ቆመች። 

«ምን አደረግሁሽ?» አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ ከጩኸት ይብሳል። «ምን በደልኩሽ እማዬ? እዚህ ቦታ እንዴት ብዬ ነው ነገ—»

 አመለወርቅ እጇን ዘርግታ የልጇን ክንድ ያዘች፤ አጥብቃ።

ያኔ መጣ። ከግንቡ በላይ አንድ ነገር እንደ ከብት አጉረመረመ፤ ቀዩ ውሃ በተዘጋው ሳንቃ አናት ላይ ዘሎ ወደ ጉድጓዱ ወረደ። መንኮራኩሩ አቃሰተ። ከዚያ ዞረ፤ ማንም ሳያዘው፣ በሚካኤል ቀን፣ በሙሉ ኃይሉ። መሰላሉን አፍሶ አነሳው፤ ግንቡ ላይ አስደግፎ እንደ ደረቅ እንጨት ሰበረው። የጸሐይ መፋቂያ በአንደኛው ክንፍ ላይ ተሰክቶ ወደ ላይ ወጣ፣ ዞረ፣ ወደ ጨለማው ገባ፣ እንደገና ሲወጣ እጀታው ብቻ ነበር።

ውሃው ብዙም አልቆየም። መንኮራኩሩ እየቀዘቀዘ፣ እየተንቀራፈፈ ቆመ። ግቢው ውስጥ የሚሰማው የሚንጠባጠበው ብቻ ሆነ። ከሳቋ ብዛት መሬት ላይ የተቀመጠችው ሴት አሁን አፏን በሁለት እጇ ይዛለች። ደበበ ጋቢው ከትከሻው ወርዶ ጭቃ ውስጥ መግባቱን አላወቀም።

 አመሰግናለሁ ያለም፣ ይቅርታ ያለም የለም። ጸሐይ የተሰበረውን መሰላል አየችው። ከዚያ ክንዷን ከእናቷ እጅ ቀስ ብላ አላቀቀችና በበሩ ወጥታ ሄደች። አመለወርቅ በባዶ እግሯ ከኋላ ከኋላዋ ተከተለቻት። መንገዱን ሁሉ ልጅቷ አንድ ጊዜም ዞር አላለችም።

ቤት ገብታ ታጠበች፣ ልብስ ለወጠች። ሻንጣውን ከአልጋ ስር ጎተተችው። አልከፈተችውም፤ ጎትታ ብቻ ክፍሉ መካከል ተወችውና ደጃፉ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። አመለወርቅ ሻንጣውን እየዞረች ምሳ ሠራች። ምግቡ ቀረበ፣ ቀዘቀዘ፣ ተነሳ።

ጀንበር ስትገባ አንድ ሰው በጓሮው በኩል ጉሮሮውን ጠረገ። ሙሉካ ነው። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ቀይ ሆኗል፤ አንድ ጣቱን በጨርቅ ጠምጥሟል። በእጁ የአመለወርቅን ሁለት ጫማዎች ይዟል፤ ታጥበዋል።

«እማማ፣ ልጅ ተረፈ?» አለ፤ መልሱን ሳይሰማ ዓይኑ ጸሐይ ላይ አረፈ። ረዥም ትንፋሽ ወጣው። «ተመስገን ጌታ! ይኼ ነው? ይኼ ነው ልጅ?»

«እኔ ነኝ» አለች ጸሐይ።

«እኔ ነኝ የከፈትኩ» አለ ሙሉካ። ጫማዎቹን ደጃፉ ላይ አስቀመጠ። «ይቅር በለኝ። እማማ ሮጦ ሲመጣ ውሃ የፈለገ መሰለኝ። እጅ ሲያወዛውዝ ቶሎ በል ያለ መሰለኝ። እኔ ደግሞ ቸኮልኩ።»

ጸሐይ ወደ እናቷ ዞረች። ከክር ቤቱ ወዲህ ፊቷን ስታያት ይህ የመጀመሪያዋ ነው። «አንቺ ሄደሽ ነው የተለቀቀው?»

አመለወርቅ መሬት መሬት አየች። «እኔ ሄጄ ነው።»

«አንድ ሳንቃ ብቻ» አለ ሙሉካ ቶሎ ብሎ። «እሱም ግማሹ ተመለሰ። እማማ ባይመጣ ከምሳ በኋላ ሁሉንም ነበር የምንለቅ። ሁሉንም! ሚካኤል ነው፣ ታች ሰው የለም ብለን።» እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ከእንግዲህ በዓል ይሁን፣ እሑድ ይሁን፣ ሰው ሳንልክ ውሃ አንይዝም። ለሁሉም ተናግሬአለሁ።»

ቡና ጠጣ ቢሉት እምቢ አለ፤ ማጠቢያው ይጠብቀዋል። ሲሄድ ቦዩን ተሻገረ። ውሃው እንደ ልማዱ ቀይ ሆኖ፣ እየሸተተ፣ ሳይቸኩል ይወርድ ነበር። ገመዱ ላይ የተሰጣው ነጠላ ቀኑን ሙሉ ጢስ ጠጥቶ ግራጫ ሆኗል። አመለወርቅ አወረደችው፣ አጠፈችው፣ የት እንደምታኖረው ግን አላወቀችም። ሻንጣው ላይ ማስቀመጥ ፈራች። ታቅፋው ተቀመጠች።

ጨለማው ገባ። የከተማው መብራት ብልጭ አለ። በሌላ ቀን ይኼኔ አመለወርቅ በሩን ዘግታ፣ መዘጋቱን ልታረጋግጥ ተነስታ፣ እጀታውን ነካክታ፣ ደግማ ተነስታ ነበር። ዛሬ ልጇ ደጃፉ ላይ ነች፤ በሩ ደግሞ ሰው እየተቀመጠበት አይዘጋም። ግቢ ልትላት አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ከአፏ የሚወጣ ነገር ሁሉ ልጇን የሚገፋት መሰላት።

«እማዬ» አለች ጸሐይ ከጨለማው፣ ሳትዞር።

«ወዬ።»

«ሳቀ?»

አመለወርቅ ስለማን እንደሆነ አልጠየቀችም። «ሌሎቹ ሳቁ።»

«እሱስ?»

«አልሳቀም። ጨርቁን ጥሎ ወደ ጉድጓዱ ሄደ። አንቺ ስትወጪ መሰላሉን ከላይ የያዘልሽ እሱ ነው፤ አላየሽውም እንጂ።»

 ከማዶ የቆንጅት እሳት አመድ ሆኖ ጫፉ ብቻ ይጨሳል።

«እውነትሽን ነው? ወይስ ደስ እንዲለኝ ነው?»

«እኔ ሰው ደስ እንዲለው ብዬ የተናገርኩት ነገር አለ?» አለች አመለወርቅ።

ከደጃፉ አጭር ድምፅ መጣ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየችውም፤ ክፉውን መርጣ ልታስብ ስትል ልጅቷ ተነሳች። ጫማዎቹን ከደጃፉ አንስታ ወደ ውስጥ አስገባቻቸው። ሻንጣውን በእግሯ ወደ አልጋው ገፋ አደረገችው፤ ግማሹ ከአልጋው ስር ገባ፣ ግማሹ ውጭ ቀረ። አመለወርቅ ከመቀመጫዋ ልትነሳ ስትል በእጇ ተቀመጪ አለቻት።

በሩን ራሷ ገፋችው። መወርወሪያውን አስገባች። ሁለት እርምጃ ሄደችና ቆመች፤ ተመልሳ፣ ልክ እናቷ እንደምታደርገው፣ እጀታውን ይዛ ወደ ራሷ ሳበችው። አልተንቀሳቀሰም። አንዴ ደግማ ሳበችው። ከዚያ ቁልፉን አዞረች።